«በዲቪደንድ መኖር ቀላል ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ፣ «በዲቪደንድ መኖር ቀላል ነው» የሚል። ለኔ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ልከውልኝ «አንተ በዚህ ነገር ቆየት ብለሃል፣ እስኪ እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፣ እና ለሦስቱም በየተራ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ጸሐፊው ዲቪደንድ ማለት አክሲዮን የያዘ ሰው ከካምፓኒው ትርፍ የሚደርሰው ድርሻ እንደሆነ፣ ደሞዝተኛ ሰውም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየገዛ ሊያጠራቅም እንደሚችል፣ ቶሎ የጀመረ ሰው ደሞ ብዙ እንደሚጠቀም ጽፈዋል። እዚህ ላይ ምንም ጸብ የለንም። እኔም የራሴን ገንዘብ የማስቀምጠው በዚሁ መንገድ ነው፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ዲቪደንድን ለማጣጣል ሳይሆን በጣም ስለማምንበት ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ጀማሪ እዛ ያሉትን ምክሮች እንደወረዱ ቢከተላቸው ገንዘቡን ያጣና ከዛ በኋላ «ስቶክ ማለት ቁማር ነው» ብሎ እስከመጨረሻው ይወጣል ብዬ ነው። እንደዛ ብሎ የወጣ ሰው አውቃለሁ።

ከዋናው ልጀምር። ጽሑፉ «ይልዱ ከ 8 ፐርሰንት በታች የሆነ አክሲዮን ጊዜ ማባከን ነው» ይልና 12 አክሲዮኖችን ከትልቁ ይልድ ወደ ትንሹ ደርድሮ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ስክሪንሾት አድርጎ የያዘው ይቺን ሰንጠረዥ ነው፣ እኔንም በጣም ያስጨነቀችኝ እሷ ናት።

ይልድ እኮ የማካፈል ውጤት ነው። የዓመቱን ዲቪደንድ ትወስዱና ለአክሲዮኑ የዛሬ ዋጋ ታካፍሉታላችሁ፣ በቃ። አንድ አክሲዮን 100 ዶላር ሆኖ በዓመት 4 ዶላር ቢከፍል ይልዱ 4 ፐርሰንት ነው። አሁን ካምፓኒው ችግር ውስጥ ገባ እንበል፣ ደንበኛ ሸሸው፣ ዕዳ ከበደው፣ ገበያውም ይሄን አይቶ አክሲዮኑን 40 ዶላር አደረሰው። ዲቪደንዱ ግን ገና አልተነካም ምክንያቱም ቦርዱ ገና ስለሱ አልወሰነም። ይልዱ ስንት ሆነ? 10 ፐርሰንት። ካምፓኒው አንድም የተሻለ ነገር አልሰራም፣ እንደውም እየታመመ ነው፣ በጸሐፊው ሰንጠረዥ ላይ ግን ከታች ተነስቶ አናት ላይ ወጣ። ከጥቂት ወር በኋላ ቦርዱ ይቀመጥና ዲቪደንዱን ወደ 1 ዶላር ያወርደዋል፣ 10 ፐርሰንት አገኛለሁ ብሎ በ 40 ዶላር የገዛው ሰው 2.5 ፐርሰንት ይዞ ይቀራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዜናው በወጣ ቀን እንደገና ይወድቃል።

ይሄ ደርሶብኛል። ስጀምር አካባቢ 11 ፐርሰንት ይከፍል የነበረ አንድ ካምፓኒ ገዛሁ፣ ስሙ ይቅር። ሁለት ጊዜ ከፈለኝ፣ ሦስተኛው ላይ ዲቪደንዱን አቆምኩ አለ፣ እኔም ከገዛሁበት ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ሸጬ ወጣሁ። የሁለት ዓመት ቁጠባዬ ነበር። ያኔ የካምፓኒውን ሪፖርት አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም፣ ያየሁት ይልዱን ብቻ ነው፣ ሪፖርቱን በኋላ ሳነበው ደሞ ሁሉም ነገር ቀድሞ እዛው ተጽፎ ነበር። በዓለም ላይ የታወቀ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ጄነራል ኤሌክትሪክን እዩ። በ 2009 መጀመሪያ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዋጋው ወድቆ ይልዱ ከ 10 ፐርሰንት በላይ ሄዶ ነበር፣ በየካቲት መጨረሻ ላይ የሩብ ዓመቱን ዲቪደንድ ከ 31 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አወረደው። ከ 1938 ጀምሮ ቀንሶ የማያውቅ ካምፓኒ ነው ይሄ። በዛን ሰሞን በይልድ ደርድሮ የገዛ ሰው ከፊት ያገኘው እሱን ነበር።

«እሺ፣ ችግር የሌለበት 8 ፐርሰንት ቢሆንስ?» የሚል ሰው ይኖራል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ሳላዳላ አብረን እናስላው። 10,000 ዶላር ሁለት ቦታ እናስቀምጥ። አንደኛው 8 ፐርሰንት ይከፍላል ግን አያድግም፣ በየዓመቱ 800 ዶላር። ሁለተኛው የሚከፍለው 3 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ 300 ዶላር፣ ግን ዲቪደንዱን በየዓመቱ በ 8 ፐርሰንት ያሳድጋል። ሁለተኛው አንደኛውን በዓመት ክፍያ የሚበልጠው በ 14ኛው ዓመት ነው፣ 816 ዶላር ገደማ ሲደርስ። በ 20ኛው ዓመት 1,295 ይከፍላል። የ 20 ዓመቱን ክፍያ ጠቅላላ ከደመራችሁት ደሞ አሁንም አንደኛው ይበልጣል፣ 16,000 በ 13,700። ይሄን አልደብቅም። የሚረሳው ግን ዋናው ገንዘብ ነው። ዲቪደንዱ ያላደገ ካምፓኒ ይልዱ እዛው 8 ፐርሰንት ላይ ከቆየ ዋጋውም ያው 10,000 ላይ ቆሟል ማለት ነው፣ ሁለተኛው ይልዱ 3 ፐርሰንት ላይ ከቆየ ግን ዋጋው ከዲቪደንዱ ጋር አድጎ 46,600 አካባቢ ደርሷል። የኑሮ ውድነቱንም አስቡት፣ ዋጋ በዓመት 3 ፐርሰንት ብቻ ቢጨምር የ 20 ዓመት በኋላው 800 ዶላር የሚገዛው ዛሬ 443 ዶላር የሚገዛውን ያህል ነው። ጡረታዬን ይደግፈኛል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ ሳይሆን ያኔ ነው።

ትልቅ ይልድ ሁሉ ወጥመድ ነው እያልኩም አይደለም። ለምሳሌ ሪት የሚባሉት፣ ህንፃና መሬት ይዘው የሚያከራዩት ካምፓኒዎች፣ በአሜሪካ ህግ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያቸው ቢያንስ 90 ፐርሰንቱን ለባለአክሲዮን ማከፋፈል አለባቸው፣ ስለዚህ ይልዳቸው በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ግን በዛው ልክ ለማደጊያ እጃቸው ላይ ብዙ ገንዘብ አይቀርም፣ አዲስ ህንፃ ሲያምራቸው ወይ ይበደራሉ ወይ አዲስ አክሲዮን ይሸጣሉ፣ ወለድ ሲወደድ ይጨንቃቸዋል። ይልዱ ለምን ትልቅ እንደሆነ ምክንያቱን መናገር ከቻላችሁ ግዙ፣ ካልቻላችሁ ግን ገበያው የሚያውቀው እናንተ ያላወቃችሁት ነገር አለ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንይ? ጽሑፉ ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ «ካምፓኒው አትራፊ መሆኑን አረጋግጡ» ይላል። ትርፍ ግን የሂሳብ ሰራተኞች የሚያወጡት ቁጥር ነው፣ ዲቪደንድ የሚከፈለው በካሽ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ካምፓኒ 500 ሚሊዮን ዶላር አተረፍኩ ብሎ 300 ሚሊዮን ዲቪደንድ ቢከፍል ከትርፉ 60 ፐርሰንቱን ሰጠ ይባላል፣ ፔይአውት ሬሾ የሚሉት እሱን ነው፣ ሲታይ ምንም ክፋት የለውም። አሁን የካሽ ፍሎው ሪፖርቱን ክፈቱ። ከስራው የገባው ካሽ 700 ሚሊዮን ነው፣ ለማሽንና ለፋብሪካ ያወጣው 500 ሚሊዮን ነው፣ የቀረው 200 ሚሊዮን ብቻ ነው፣ ፍሪ ካሽ ፍሎው ማለት ይሄ ነው። 200 ይዞ 300 ከፈለ። የጎደለውን 100 ሚሊዮን ከየት አመጣው? ወይ ተበደረ ወይ ያጠራቀመውን በላ። አንድ ዓመት እንዲህ ቢሆን ምንም አይደል፣ ትልቅ ፋብሪካ እየገነባ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሆነ ግን የሚደርሳችሁ ዲቪደንድ የብድር ገንዘብ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ቦታውን ለማግኘት አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ የካሽ ፍሎው ገጹ ሦስት ክፍል አለው፣ ከስራ የገባው ከላይ፣ ለማሽንና ለህንፃ የወጣው መሃል፣ የተከፈለው ዲቪደንድ ከታች። ሦስቱን ቁጥሮች ለአምስት ዓመት በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸውና ተመልከቱ። እኔ ከዛ ኪሳራ በኋላ ይሄን ሳላደርግ አንድም አክሲዮን ገዝቼ አላውቅም።

ትንሽ ይልድ የሚያድግ ሲሆን ምን እንደሚሰራ ለማየት ደሞ የታወቀውን የአሜሪካ ኢንቨስተር የዋረን ባፌትን ኮካ ኮላ ማየት ነው። በርክሻየር የሚባለው የባፌት ካምፓኒ 400 ሚሊዮን የኮካ ኮላ አክሲዮን ገዝቶ የጨረሰው በ 1994 ነው፣ ጠቅላላ የከፈለውም 1.3 ቢሊዮን ዶላር። በዛ ዓመት የደረሰው ዲቪደንድ 75 ሚሊዮን ነበር። በ 2022 ከእነዚያው አክሲዮኖች 704 ሚሊዮን ደረሰው፣ አንድ አክሲዮን እንኳ ሳይጨምር። ድሮ ካወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ በአንድ ዓመት ተመለሰለት ማለት ነው። እድገቱን ስታሰሉት በዓመት 8 ፐርሰንት አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ተዓምር አይደለም፣ ብዛቱ የጊዜው ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። «ለ 25 ዓመት ዲቪደንዱን በየዓመቱ ያሳደገ ካምፓኒ አይነካም፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ» ይላሉ። እነዚህ ካምፓኒዎች ዲቪደንድ አሪስቶክራት ይባላሉ፣ የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ 500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ካምፓኒዎች ዝርዝር) አባል ሆነው ቢያንስ 25 ዓመት በተከታታይ ያሳደጉ ናቸው፣ እና እውነት ነው ዝርዝሩ ጥሩ መነሻ ነው፣ እኔም ፍለጋ የምጀምረው ከዛ ነው። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ» የሚለው ነው ችግሩ።

የአሜሪካው ቴሌኮም ኤቲ ኤንድ ቲ አሪስቶክራት ነበር። በ 2015 ዳይሬክት ቲቪን ገዛ፣ በ 2018 ታይም ዋርነርን ገዛ፣ በሁለቱ ግዢ ዕዳው ተራራ ሆነ፣ በ 2022 የሚዲያ ክፍሉን ለይቶ ሲያወጣ የዓመቱን ዲቪደንድ ከ 2.08 ዶላር ወደ 1.11 አወረደው። የመድኃኒት ቤቱ ዎልግሪንስ 47 ዓመት በተከታታይ ሲያሳድግ ኖሮ በጥር 2024 የሩብ ዓመቱን ከ 48 ሳንቲም ወደ 25 ቆረጠው፣ ዓመት ቆይቶ ጭራሽ አቆመው። ስሪ ኤም ከ 60 ዓመት በላይ አሳድጎ በ 2024 የጤና ክፍሉን ከለየ በኋላ ከግማሽ በታች አደረገው። ከዝርዝሩ ውጪ ያሉትም አልዳኑም፣ የነዳጁ ሼል በሚያዝያ 2020 ነዳጅ ፈላጊ ሲጠፋ ከ 47 ወደ 16 ሳንቲም ወረደ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቺፕ የሚሰራው ኢንቴል በ 2023 መጀመሪያ ከ 36.5 ወደ 12.5 ሳንቲም፣ በነሐሴ 2024 ደሞ አቆምኩ አለ፣ ፋብሪካ ለመገንባት ካሹ ያስፈልገው ነበር። እነዚህ ሁሉ ስማቸውን ህፃን የሚያውቃቸው ካምፓኒዎች ናቸው።

ቁጥሮቹን የደረደርኩት ለማስፈራራት አይደለም። ብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ቀድሞ ይታይ ነበር፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ ዕዳው በየዓመቱ በሪፖርቱ ይታይ ነበር፣ ኢንቴል ላይ ደሞ ለፋብሪካ የሚወጣው ካሽ ከሚገባው በልጦ ነበር። የ 25 ዓመት ታሪክ የሚነግራችሁ ካምፓኒው ትናንት እንዴት እንደነበር ነው፣ የሚቀጥለውን ዲቪደንድ የሚከፍለው ግን የዘንድሮው ካሽ ነው። ባለሙያም ይሳሳታል፣ የምግብ ካምፓኒው ክራፍት ሃይንዝ በየካቲት 2019 ዲቪደንዱን ከ 62.5 ወደ 40 ሳንቲም ሲቆርጥ ትልቁ ባለድርሻ በርክሻየር ነበር፣ ባፌትም ለክራፍት ከሚገባው በላይ ከፍለናል ብሎ በአደባባይ አምኗል።

ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ «ጥሩ ካምፓኒ በማንኛውም ዋጋ ይገዛል» የሚለውም እዛው ጽሑፍ ላይ አለ። ያው ኮካ ኮላ ይበቃል ለዚህ። በ 1998 ሰው ሁሉ ተሻምቶ ዋጋውን ሰቀለው፣ ከዛ በኋላ ወደዛ ከፍታ ለመመለስ ከአስር ዓመት በላይ ፈጀበት፣ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ዲቪደንዱ በየዓመቱ እያደገ ነበር። ካምፓኒው ምንም አልሆነም፣ ገዢው ነው አስቀድሞ ብዙ የከፈለው።

ቀጥሎ «ዲቪደንዱ ሊከፈል አንድ ቀን ሲቀረው ግዙ፣ ተቀበሉ፣ በማግስቱ ሽጡ፣ ነፃ ገንዘብ ነው» የሚለው አለ። ይሄ ቶሎ ያልቃል። ኤክስ ዲቪደንድ የሚባል ቀን አለ፣ ከሱ በፊት የገዛ ዲቪደንዱ ይገባዋል፣ በዛ ቀን ወይም ከዛ በኋላ የገዛ አይገባውም። ገበያውም ይሄን ያውቃል፣ ስለዚህ በዛን ቀን ጠዋት ዋጋው በዲቪደንዱ ልክ ዝቅ ብሎ ይከፈታል። 50 ዶላር የነበረ አክሲዮን 1 ዶላር ከከፈለ 49 ላይ ነው የሚጀምረው፣ ያ 1 ዶላር ከካምፓኒው ካዝና ወጥቶ ወደናንተ መጥቷላ! በእርግጥ የቀኑ ሌላ ወሬ ተደርቦበት ሁሌ ቁልጭ ብሎ ላይታይ ይችላል። በ 1 ዶላሩ ላይ 15 ፐርሰንት ታክስ ቢቆረጥ 85 ሳንቲም ይደርሳችኋል፣ በዋጋው ላይ 1 ዶላር አጥታችኋል፣ ብሮከሩ (የሚያገበያያችሁ ድርጅት) ደሞ ለመግዛትም ለመሸጥም ኮሚሽኑን ካስከፈለ ይባስ። ነፃ ገንዘብ የለም እዚህ ውስጥ።

ታክስን ካነሳሁ፣ «ታክስ ትንሽ ነገር ነው አትጨነቁበት» የሚለውንም እዚሁ ልመልስ። እንደየሀገሩ ይለያያል፣ ስለዚህ ስለየራሳችሁ ሀገር ባለሙያ ጠይቁ። ግን አንድ ምሳሌ፣ የአሜሪካ ካምፓኒ ለውጭ ሀገር ባለአክሲዮን ሲከፍል ሁለቱ ሀገሮች የታክስ ስምምነት ከሌላቸው 30 ፐርሰንቱ ገና ከምንጩ ይቆረጣል። 8 ፐርሰንት ያላችሁት 5.6 ሆነ። ስምምነት ካለ ይቀንሳል፣ እሱም በብሮከሩ በኩል የሚሞላ ፎርም አለው፣ ፎርሙን ሳይሞሉ ዓመታት ሙሉ 30 የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ።

አምስት አክሲዮን ይበቃል የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው የራሳቸውን አምስት ዘርዝረዋል፣ ሁለቱ ባንክ፣ ሁለቱ ነዳጅ፣ አንዱ ቴሌኮም። እንደኔ ይሄ ፖርትፎሊዮ (የያዙት አክሲዮን ስብስብ) አምስት ሳይሆን ሦስት ነገር ነው። በ 2008 መጨረሻ ባንክ ኦፍ አሜሪካ የሩብ ዓመቱን ዲቪደንድ ከ 64 ወደ 32 ሳንቲም፣ በጥር 2009 ደሞ ወደ 1 ሳንቲም አወረደው፣ ሲቲግሩፕም በዛው ሰሞን 1 ሳንቲም ደረሰ። በመጋቢት 2020 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በስሩ ያሉትን ባንኮች ዲቪደንድ አትክፈሉ አላቸው፣ ጥሩውም መጥፎውም ባንክ እኩል ቆመ፣ ባለአክሲዮኑ ምንም ያህል አጥንቶ ቢገዛ አላዳነውም። በዛው ዓመት የነዳጅ ካምፓኒዎቹ ሼል በሚያዝያ፣ ቢፒ በነሐሴ ቆረጡ፣ ቢፒ በግማሽ። አንድ ዓይነት ስራ የሚሰሩ ካምፓኒዎች የሚታመሙት አብረው ነው። ያ አምስት አክሲዮን ያለው ሰው በ 2020 ከአምስቱ አራቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊነኩበት ይችሉ ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አምስት እኩል አክሲዮን ካላችሁ አንዱ ዲቪደንዱን በግማሽ ሲቀንስ ከገቢያችሁ 10 ፐርሰንት ይሄዳል። 25 ቢሆኑ የሚሄደው 2 ፐርሰንት ነው፣ የሌሎቹ ዓመታዊ ጭማሪ ይሸፍነዋል፣ ምንም ሳይሰማችሁ ያልፋል። እኔ ከ 20 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው የምይዘው፣ ከአንድ ሴክተር (የስራ ዘርፍ) ከገቢዬ ከአምስት አንድ በላይ እንዳይመጣ እጠነቀቃለሁ፣ ከ 30 በላይ ደሞ ሪፖርታቸውን አንብቤ አልዘልቀውም። ሪፖርት የማንበብ ጊዜም ፍላጎትም የሌለው ሰው ደሞ አለ፣ ምንም ነውር የለውም፣ ዲቪደንድ የሚያሳድጉ ካምፓኒዎችን ሰብስቦ የያዘ ክፍያው አነስተኛ የሆነ ኢቲኤፍ (እንደ አንድ አክሲዮን የሚገዛ ፈንድ) ገዝቶ ስራውን ይስራ። አምስት አክሲዮን ሳያነቡ ከመያዝ መቶ ሳያነቡ መያዝ በስንት ጣዕሙ።

«ዲቪደንዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተደሰቱበት፣ መልሶ ኢንቨስት ማድረግ ስስት ነው» የሚለው ምክር እንዴት እንዳሳዘነኝ። ዕድሜው የገፋና በገንዘቡ መኖር ያለበት ሰው ይብላው፣ የተጠራቀመው ለዛ ነው። ግን ጽሑፉ የተጻፈው ለጀማሪ ነው። ቅድም ወዳየነው ባለ 3 ፐርሰንቱ እንመለስ። ዲቪደንዱን እየበላ የቆየ ሰው በ 20ኛው ዓመት የሚደርሰው 1,295 ዶላር ነበር። በየዓመቱ በደረሰው አክሲዮን መልሶ የገዛው ግን ከራሱ ኪስ ምንም ሳይጨምር 2,270 ገደማ ይደርሰዋል፣ ዋናው ገንዘብም 46,600 ሳይሆን 84,000 አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዲቪደንድ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፣ ግን ለማደግ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ያለው እሱ ነው።

ደሞ አንድ ነገር አለ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ገና እየገዛ ላለ ሰው የገበያ መውደቅ ይጠቅመዋል። ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ዲቪደንዱ ካልተነካ ያው ዲቪደንድ እጥፍ አክሲዮን ይገዛል። በ 2020 መጋቢት ገበያው ሲናጥ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ሲጨነቅ እኔን ያረጋጋኝ ይሄ ነው፣ የማየው ዋጋውን ሳይሆን የሚገባውን ዲቪደንድ ነበር፣ ካሉኝ ውስጥ ሁለቱ ቀነሱ፣ የቀሩት ከፈሉ፣ በከፈሉት በርካሽ ገዛሁ።

የመጨረሻው «አንዴ ከገዛችሁ አትመልከቱት፣ መቼም አትሽጡት» የሚለው ነው። ግማሹ ልክ ነው። ዋጋ ስለወረደ ብቻ መሸጥ፣ በየቀኑ ስልክ ላይ ቁጥር ማየት፣ እነዚህ ሰውን ያደክማሉ። ግን አለማየትና አለመነካካት ይለያያሉ። ጄነራል ኤሌክትሪክ ከ 2009 በኋላ ዲቪደንዱን ቀስ በቀስ መልሶ እስከ 24 ሳንቲም አድርሶት ነበር፣ በ 2017 ወደ 12 ቆረጠው፣ በ 2018 ወደ 1 ሳንቲም። «አትመልከቱት» የተባለው ሰው ይሄ ሁሉ ሲሆን ተኝቷል። በተቃራኒው ደሞ ዲቪደንድ የቆረጠ ሁሉ ወዲያው ይሸጥ ማለት አይደለም፣ አፕል በ 1990ዎቹ አጋማሽ ዲቪደንድ አቁሞ መልሶ የጀመረው በ 2012 ነው፣ በመሃል የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ምን ይደረግ? እኔ የምሰራውን ልንገራችሁ፣ ለሁሉም ይስማማል አልልም። አንድ አክሲዮን ስገዛ ለምን እንደገዛሁት ሁለት ሦስት መስመር ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ «ዕዳው ትንሽ ነው፣ ከፍሪ ካሽ ፍሎው ግማሹን ብቻ ነው የሚከፍለው፣ ደንበኛው ምርቱን በየጊዜው መልሶ የሚገዛው ዓይነት ነው» እንደማለት። በዓመት አንዴ ዓመታዊ ሪፖርቱ ሲወጣ ደብተሩን እከፍትና መስመር በመስመር አወዳድራለሁ። የጻፍኩት አሁንም ካለ ዋጋው የትም ቢሄድ አልነካውም። የገዛሁበት ምክንያት ከጠፋ ግን ዋጋው ቢወጣም እሸጣለሁ፣ ዲቪደንዱ እስኪቆረጥ አልጠብቅም። 25 ካምፓኒ በዓመት አንዴ ማየት ማለት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሪፖርት ነው፣ ይሄን የሚያህል ጊዜ ሰው አያጣም።

ጸሐፊው ጽሑፉን ያነባሉ ብዬ አስባለሁ፣ በቅንነት እንደጻፉትም አልጠራጠርም። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ያቺን የ 12 አክሲዮን ሰንጠረዥ ወይ ያንሷት ወይ ሁለት ዓምድ ይጨምሩባት፣ ዲቪደንዱ ከፍሪ ካሽ ፍሎው ስንት ፐርሰንቱ እንደሆነና ባለፉት አምስት ዓመታት በስንት እንዳደገ። እኔ ከላይ ያሉትን ሦስቱን ከፍቼ አየኋቸው፣ ሁለቱ ባለፈው ዓመት የከፈሉት ዲቪደንድ ከፍሪ ካሽ ፍሎዋቸው ይበልጣል፣ ሦስተኛው ደሞ ዲቪደንዱን ካሳደገ አራት ዓመቱ ነው። ዘጠኙን ገና አላየሁም። ሰንጠረዧን ስክሪንሾት አድርጋችሁ የያዛችሁ ልጆች ከመግዛታችሁ በፊት እነዚያን ዘጠኙን ተከፋፍላችሁ እዩዋቸው፣ ያገኛችሁትንም ጻፉ።